ከስልክ የወጣው ጸሎት

እግዜር ይመስገን፣ እነዚህን ሁለት ልጆች ከጅምሩ አይቻለሁ። ነገሩ በ2008 ዓ.ም. ነው።

ገመቺስ ወሰን ሰፈር፣ ከአጥሬ ጋር የተያያዘችውን ክፍል ተከራይቶ ስልክ ይጠግን፣ የሰው ሚሞሪ ካርድ ላይም መዝሙር ይሞላ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ። ብዙ አልናገርም፤ አያለሁ።

ርሆቦት የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት ነው። መገናኛ አካባቢ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ስልኳ ቻርጅ አልይዝ ብሏታል። ገመቺስ የመበየጃ ካውያውን አግሎ መበየድ ሲጀምር ጭሱ ወደ ፊቱ ወጣ።

«ይሄ እርሳስ አለበት አይደል?» አለች።

«ያለ እርሳስ ደግሞ በምን ይበየዳል?»

«አውሮፓ የሚሸጥ ዕቃ ከሺህ አንድ እጅ በላይ እርሳስ እንዲኖረው አይፈቀድም።»

«እኔ ያለሁት አውሮፓ ሳይሆን ወሰን ነው፣ እህቴ።»

«ሳንባው ግን ያው ሳንባ ነው፣ ወንድሜ።»

ካውያውን አስቀመጠና ቀና አለ። እሷም ዓይኗን አልመለሰችም። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

በሳምንቱ መስኮቱ ላይ ማራገቢያ ገጠመ። «ለጭሱ ነው፣ ጋሽ አካሉ» አለኝ። እኔ መቼ ጠየቅሁት?

ርሆቦት ከሥራ ስትመለስ ጎራ ማለት ጀመረች። አለቃዋ ሁለት የውጭ አገር ደንቦችን አነጻጽረሽ ጻፊ ብሏት ነበር፤ አንዱ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ስለሚገኝ መርዝ፣ ሌላው ድርጅቶች ስለሚይዙት የሰዎች የግል መረጃ። ወረቀቱን ይዛ እየመጣች ለገመቺስ ታነብለታለች።

«መርዝና ምሥጢር ምን ያገናኛቸዋል?» አላት።

«ሁለቱም በዓይን አይታዩም። ጉዳታቸው የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ደንቦቹም የሚሉት አንድ ነው፤ የማያስፈልግህን አታስገባ።»

«ልዩነታቸውስ?»

እስክሪብቶዋን ነከሰች። «እሱን ገና አላገኘሁትም። አንተ አግኝልኝ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ይወጡ ጀመር። ሲመለሱ ጫማቸው ቀይ አፈር ለብሶ፣ ሁለቱም ያለ ምክንያት ይስቃሉ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ርሆቦት ሰላም ሳትለኝ አለፈች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ታክሲ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ» አለችው። «ለብቻዬ ሆኜ በስልኬ የቀዳሁት ጸሎት ነው። ሾፌሩን ብጠይቀው፣ ሚሞሪ ካርዴን መዝሙር ያስሞላሁት ገመቺስ ጋ ነው አለኝ። አንተ ጋ እንዴት ተገኘ?»

የስልክ ጠጋኞች ልማድ አላቸው፤ ውስጡ ያለው እንዳይጠፋ አስቀድመው ኮምፒውተር ላይ ይገለብጡታል። ገመቺስም ያን ሐሙስ ገልብጦ ማጥፋቱን ረሳው። በዜማ የተጸለየው ጸሎት ከመዝሙሮቹ ጋር ተደባለቀ። ካርድ ሊያስሞላ የመጣ ይዞት ሄደ።

«እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው።»

«ገልብጥ ብዬሃለሁ?»

«አላልሽም።»

«ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅሁሽም።»

«እናቴ ብትሰማውስ?» አለችና ሄደች።

ገመቺስ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መዝሙር ሁሉ አጠፋ። ከማግስቱ ጀምሮ ሱቁን እየዘጋ ካርድ የሞላላቸውን ሰዎች ማሳደድ ያዘ። ታክሲ ተራ፣ ጋራዥ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ድረስ። ስድብም ጠገበ።

በሦስተኛው ሳምንት ርሆቦት መጣች። «ጋሽ አካሉ፣ የት ሄዶ ነው?»

«የካ አባዶ። የሰው ደጅ እያንኳኳ ካርድ ይለምናል። ትናንት አንዷ ውሻ ለቃበታለች።»

ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። ወዲያው ገመቺስ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ሲያያት ቆመ።

«አሥራ ስድስት ሰው አግኝቼ ከካርዳቸው ላይ አስጠፍቻለሁ። ሌሎች አራት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ላገኛቸው አልቻልኩም። ሁሉንም ሰበሰብኩ ብልሽ ዋሸሁ።»

«ሰምተኸዋል?»

«ድምፅሽ መሆኑን እስክለይ ብቻ። ከዚያ ዘጋሁት። ለእኔ የተባለ አይደለም።»

ትኩር ብላ አየችው። እሱም መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ» አለች። «ጋሽ አካሉም ይስሙ። ዓምና እናቴን ስድስት ወር አስታመምኳት። አንድ ቀን ታከተኝ። ጌታ ሆይ፣ ውሰዳት፤ እሷም ትረፍ፣ እኔም ልረፍ ብዬ ጸለይኩ። እሷ ግን ዳነች።»

«የደንቦቹን ልዩነት አገኘሁት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እርሳስ በሚዛን ይለካል። ገደቡም ቁጥር አለው። የሰው ምሥጢር ግን ትንሹም ይበቃል፤ ገደቡን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።» ቦርሳዋን አነሣች። «አራቱ ካርዶች ሳይቀድሙኝ ለእናቴ ራሴ እነግራታለሁ።»

ያን ቀን ገመቺስ ሥራ አልሠራም። እኔም ፀሐይ አልሞቅሁም።

በማግስቱ እናትየዋ፣ ወይዘሮ አገርነሽ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ርሆቦት ከኋላቸው ነበረች።

«የልጄን ጸሎት ለታክሲ ያደልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«በታመምኩበት ሰሞን እኔም ልጄ ደከመች ብዬ፣ ጌታ ሆይ ግደለኝ እያልኩ እለምን ነበር። ሳንነጋገር አንድ ነገር ለምነናል። ሁለታችንንም እምቢ ያለን ጌታ የተመሰገነ ይሁን!» ሳቁ፤ እንባቸውም መጣ። «ማታ እስኪበቃን ተቃቅፈን አለቀስን። ይቅር ብዬሃለሁ። ብትደግመው ግን በዚህ ምርኩዝ ነው።»

«አልደግመውም።»

«ይልቅ የምትልከው ሽማግሌ አለህ፣ ወይስ እሱንም ከታክሲ ተራ ትፈልጋለህ?»

ገመቺስ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወደ ርሆቦት ዞረ።

«መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት።»

«ጠይቀኛ» አለች ርሆቦት።

እኔ ጥያቄውን ሳልሰማ፣ ጋቢዬን ልፈልግ ወደ ቤት ገባሁ።