ሁለት እና አርባ

ዶክተር ወልደየስ ሞተው የተገኙት መነጽራቸውን እንዳደረጉ ነው። ዘ ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፤ ስለ ደች ሕክምና ታሪክ የሚጽፉት ረቂቅ ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ። ያገኛቸው ረቂቁን በመተየብ የሚያግዛቸው የዶክትሬት ተማሪ ፊልሞን ነው፤ ከአምስተርዳም በባቡር መጥቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በተሰጠው ቁልፍ ሲገባ። የቤተሰብ ሐኪማቸው መጣ፣ አየ፣ አልፈርምም አለ። በዚህ አገር ሐኪም የሞቱ ነገር ካላማረው አይፈርምም፤ የአስክሬን መርማሪ ሐኪም ያስጠራል።

የተጠራችው ሳያት ነበረች። እዚሁ ሆላንድ፣ አምስተልቨን ያደገች፣ ዓይኗ መርፌ የሆነ፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እኩል «አንተ» የምትል። እናቷ በዚህ የተነሳ ስንት ሰው ይቅርታ እንደጠየቁ እግዜር ይቁጠረው።

አስክሬኑን ያለ ችኮላ አየች። ሆዳቸው ላይ አንድ ትኩስ የመርፌ ምልክት አለ። ግራ ክንዳቸው ላይ ሌላ። ለማንም አልተናገረችም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የኢንሱሊን ብዕር፣ የስኳር መርፌያቸው፣ የመጨረሻውን መጠን የሚያስታውስ ዓይነት ነው፤ ጫን ስታደርገው 42 አለ። ከጎኑ ባለው የእንክብካቤ ማህደር የትናንት ማታ ገጽ ላይም በእስክሪፕቶ 42 ተጽፎ «ፋ» ተብሎ ተፈርሞበታል። የታዘዘው ግን 24 ነው።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። «ፋ» ማለት ፋንታዬ ናት፤ በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እየመጣች መርፌያቸውን የምትወጋቸው የቤት ለቤት ተንከባካቢ። ፋንታዬ ደግሞ ቁጥር እንደምትገለብጥ የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደቾች ሃያ አራትን «አራት እና ሃያ» ይላሉና፣ እሷ የሰማችውን በቅደም ተከተሉ 42 ብላ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ቤት ቁጥር 53 ሂጂ ተብላ 35 ገብታ፣ የማታውቃቸውን ሆላንዳዊ ሽማግሌ ላጥብዎት ብላ ሸሚዛቸውን ማስወለቅ ጀምራ ነበር። ሽማግሌውም አልተቃወሙም ይባላል።

ይህን የቤት ቁጥር ታሪክ ለሳያት የነገረቻት ፀደንያ ናት። ፀደንያ የሟች የእህት ልጅ ስትሆን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እዚሁ ሆላንድ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን ሮተርዳም ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ትምህርቷ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሳለች። መርዶውን ሰምታ እንደደረሰች፣ ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሾርባ ይዛላቸው መጥታ እንደነበርና ደህና እንደነበሩ ተናገረች። ዓይኗ አብጧል።

«ኔ፣ ሆን ብላ አይደለም» አለች በለሆሳስ፤ «ኔ» በደች አይ ማለት ነው። «ምስኪን ናት። እንዲያው ቁጥር ይምታታባታል።»

ፊልሞን በበኩሉ አስቸጋሪ ሆነ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ ይላል፤ ሳያት ለምን ያልብሃል ስትለው ደረጃው ነው ይላል። የጀርባ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎታል። ውስጡ ምን አለ? መጽሐፍ። ምን መጽሐፍ? ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጋው። ከሳያት ጋር መጥቶ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እንኳ ቦርሳውን ማየት ጀመረ።

ፋንታዬ ግን አላለቀሰችም። ተጠርታ መጥታ ወጥ ቤት ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ልጇ ሊና አዲስ አበባ ሆና እናቷ ዘንድ የመምጫ ፈቃድ ትጠብቃለች፤ ፈቃዱ የተንጠለጠለው ደግሞ በፋንታዬ የሥራ ውል ላይ ነው። 42 የእሷ ከሆነ ሥራው የለም፤ ሥራው ከሌለ ሊና አትመጣም።

«ስንት ወጋሽው?» አለች ሳያት።

«ስንት ወጋሻቸው ይባላል። ሃያ አራት። ቁጥሩን በዓይናቸው ሳያዩ እንድወጋቸው አይፈቅዱም።»

«የት ላይ?»

«ሆዳቸው ላይ። ክንድ አይወዱም።»

«መጠኑን በደች ነው የሚነግሩሽ?»

ፋንታዬ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «በዚህ ቤት? ከበሩ ወዲህ አማርኛ ነው ሕጋቸው። ደች ያመለጠው ሰው ሳህን ያጥባል። እኔ እንኳ ስንቴ አጥቤያለሁ።»

ሳያት ተመልሳ ማህደሩን ከፈተች። አጉሊ መነጽር አውጥታ 42 ላይ አቀረቀረች፤ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ጠርታ አንድ አንድ ወረቀትና እስክሪፕቶ አደለቻቸው።

«የምላችሁን ቁጥር ጻፉ» አለችና በደች ተናገረች፦ «ትዌ-ኤን-ፌርቲኽ።» ሁለት እና አርባ ማለት ነው።

ፊልሞን አገር ውስጥ ከገባ ገና ዓመቱ ነውና ድገሚልኝ አለ፤ ደገመችለት፤ በጣቱ አስቦ 42 ጻፈ። ፀደንያ ሳታስብ ጻፈች። ፋንታዬ የጻፈችው ግን 24 ነበር።

«አየሽ?» አለች ፀደንያ።

«አየሁ» አለች ሳያት። «ፋንታዬ የምትሳሳተው በጆሮዋ ነው። ደች ካልሰማች አትገለብጥም። እዚህ ቤት ደግሞ ደች የለም፤ ትእዛዙም በአኃዝ የታተመ ነው። ስህተቱ በየት በኩል ይገባል? ይህን ያቀናበረው ሰው ፋንታዬ ቁጥር እንደምትገለብጥ ያውቃል፤ ለምን እንደምትገለብጥ ግን አያውቅም።»

ፊልሞን ቦርሳውን አጥብቆ ያዘ።

«ሁለተኛ፣ አስክሬኑ ላይ ሁለት ምልክት አለ። የሆዱ የፋንታዬ ነው። ተሳስታ ቢሆን አንድ ቀዳዳ በበቃ ነበር። የክንዱን የወጋው ከእሷ በኋላ የመጣ ነው። ገጹንም ቀዶ ጥሎ በአዲስ ተክቶታል።»

ወረቀቶቹን ሰብስባ ከማህደሩ ጎን ደረደረቻቸው።

«ሦስተኛ፣ ማህደሩ ላይ የአራት ቁጥር ጭረት በሁለት ቁጥር ላይ ተሻግሯል። ሁለቱ ቀድሞ ተጽፎ፣ አራቱ ኋላ ከፊቱ ገብቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ የተማረ ሰው አርባውን ያስቀድማል፤ ሁለቱን አስቀድሞ ለአራቱ ቦታ የሚተው በደች መቁጠር የተማረ ልጅ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ መምህሬ ስንቴ ተቆጥታኛለች። አሁንም እጃችሁን ሳይ ነበር። ከሦስታችሁ ሁለቱን ጽፋ አራቱን ኋላ ከፊቱ ያስገባችው አንድ ናት።»

ሁሉም ፀደንያን አዩ። እሷ እጇን ታይ ነበር።

ያኔ ፊልሞን ቦርሳውን ከፍቶ የታሸገ ፖስታ አወጣ። ዶክተሩ ለማንም ሳትናገር አምስተርዳም ሄደህ ላክልኝ ብለውት፣ ማስገባቱን ረስቶ፣ ሲሞቱ ጊዜ ደንግጦ ይዞት ዞረ። አድራሻው የሮተርዳሙ ሆስፒታል ነው።

ፀደንያ ፖስታው እስኪከፈት አልጠበቀችም፤ ሁሉን ራሷ ተናገረች። በሆስፒታሉ ሥርዓት አደገኛ መድኃኒት ሁለት ሰው አይቶ ሁለት ሰው ይፈርምበታል። እሷ ተጣድፋ ሳታይ ፈረመች፤ መጠኑ ግን ተሳስቶ ነበር፤ ታማሚው ከዚያ ወዲህ አልተናገረም። ለአጎቷ የነገረችው እንዲያጽናኗት ነበር። እሳቸው ግን ራስሽ ካልተናገርሽ እኔ እጽፋለሁ አሏት።

«አንዲት ፊርማ» አለች። «ሰባት ዓመት የተማርኩት በአንዲት ፊርማ።»

«ምን ብለሽ ወጋሻቸው?» አለች ፋንታዬ።

ፀደንያ ቀና ሳትል መለሰች። «ፋንታዬ ረስታ ሄዳለች አልኩት።»

ማስታወሳቸው እየከዳቸው ነበር፤ ይህንንም የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እጅጌያቸውን ሰበሰቡላት። የፋንታዬን ቁጥር በየማታው የሚያዩት ሰው የእሷን አላዩም። ልጃቸው ናታ።

ሳያት ወለሉ ላይ የወደቀውን የረቂቅ ገጽ አነሳች። የላይደን ሐኪሞች ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ተማሪዎቻቸውን ታማሚው አልጋ ዘንድ ወስደው ያስተምሩ እንደነበር ይተርካል። ከግርጌው በእርሳስ «ያላየኸውን አትመስክር» ይላል። ፖሊሱ ፀደንያን ይዟት ወረደ።

ሳያት የፋንታዬን ቃል ጽፋ ወረቀቱን አቀረበችላት። «ፈርሚ። ለአሠሪዎችሽም ዛሬውኑ ይደርሳል፤ ሥራሽን የሚነካ የለም።»

ፋንታዬ መነጽሯን አጥልቃ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። ሳያት ቸኩላ መጠኑ ያለበትን መስመር በጣቷ እየጠቆመች በደች አነበበችላት።

«በአማርኛ ንገሪኝ» አለች ፋንታዬ ቀና ሳትል። «ከበሩ ወዲህ ነን።»

«ሃያ አራት።» ሳያት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይፈርሙ፣ እትዬ።»

ፋንታዬ መጨረሻው ድረስ አነበበች። ከዚያ «ፋ» ብላ አልተወችውም፤ ስሟን ከነአባቷ፣ ፊደል በፊደል ጻፈችው።