ባትሪ ሻጯና ቀዛፊው

አናጺው ያንኑ ባትሪ ታቅፎ እንደገና ወደ ሱቁ ሲገባ፣ የባትሪ ሻጯ ልብ ድው አለ፤ ፊቷን ግን አኮሳተረች።

«ደግሞ ወረደ?»

«ወረደ።»

«ዓመታት የሚያገለግል ባትሪ እኮ ነው የሰጠሁህ!» ክዳኖቹን ከፍታ አየች፤ ውሃው ሙሉ ነው። ለካችው፤ ኃይሉ አልቋል እንጂ ባትሪው ምንም አልሆነም። ቀና አለች። «የመኪናህን መብራት አብርተህ ነው የምታድረው?»

አናጺው ላብ ላብ አለው። «ታዲያ ምን ብዬ ልምጣ?»

ከዚያ ወዲያ ምክንያት አላስፈለገውም። ከጓደኞቹ ጋር እንደ ጥንቶቹ ሰዎች ያለ ሞተር፣ በመቅዘፊያ ብቻ የሚሄድ መርከብ እየሠራ ነበር። ሲያወራላት እጆቹ አያርፉም። በአሲድ ሽታ መሀል ያደገችው ልጅም መቀመጥ አቃታት፤ ሱቅ በዘጋች ቁጥር እግሯ ወደ ወደቡ ይከንፋል።

ነገሩ አባቷን አልጣማቸውም። «ሞተር በሞላበት ዘመን ባሕር በክንዱ የሚያቋርጥ ሰው ጤነኛ ነው ትያለሽ?»

መርከቡ ሊነሳ ሲቃረብ አናጺው፣ «አብረሽኝ ነይ» አላት።

«አባቴን ለማን ጥዬ?»

«እንግዲያው ልቅር?»

«ቀርተህ ኋላ በእኔ ልታመካኝ? ሂድ!»

ተኳርፈው ተለያዩ።

መርከቡ በሚነሳበት ጠዋት፣ የትንሽ መኪና ባትሪ ለጠየቀ ደንበኛ የጭነት መኪና ባትሪ ጎትታ አመጣችለት። አባቷ ከእጇ ተቀበሏት።

«አንቺ ሳትወለጂም ይሄን ሱቅ ብቻዬን ነበር የምሠራው» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «ሂጂ። መመለስሽን ግን አደራ።»

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች።

ስትደርስ መርከቡ ከዳር ርቋል። መቅዘፊያዎቹ እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይወድቃሉ። ስሙን ልትጠራ አፏን ስትከፍት አንዱ መቅዘፊያ ቀጥ አለ፤ የኋላው መጥቶ ተላተመው፤ መስመሩ በሙሉ ተተረማመሰ።

«አናጺ! ተኝተሃል እንዴ?» የመርከቡ አለቃ አንባረቀ።

አናጺው ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ዳር እያየ ነበር። አለቃውም ዞር ብሎ አያት፤ እያጉረመረመ መርከቡን አስመለሰ።

«መቅዘፍ ትችያለሽ?» አላት አለቃው።

«አልችልም! ግን ቶሎ አልደክምም!»

ቀዛፊዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አናጺው አልሳቀም፤ የተላላጠ መዳፉን ዘረጋላትና ስቦ አስገባት። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። አንዱን መቅዘፊያ ለሁለት ያዙት።

«አሁንም እንደተቆጣሽ ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«አዎ» አለችው፤ ትከሻዋን ግን ከትከሻው አላነሳችም።