ስምንት ጫማ ጥላ

የጂኦግራፊ መምህሩ ሰለሞን ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ገደል ሥር ሞቶ ሲገኝ ከተማው ወዲያው ፈረደ፦ «ያ ጨዋታ በላው!» ወሬኛ መቼ ጠፍቶ። ዕለቱ በግንቦት 2003 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ነበር። ኢንስፔክተር ተሾመች ሰኞ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ደም የነካው ድንጋይ አገኘች። ጨዋታ ደግሞ ድንጋይ አያነሳም።

ጨዋታውን ሰለሞን ከዩኒቨርሲቲ ነው ያመጣው። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው «የጉም አገር» በተባለ የፈጠራ ዓለም ይኖራሉ። አገሩ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፦ ዓመቱ አሥር ወር፣ ወሩ አርባ ቀን። ቀኑ የሚከፈለው በጥላ ነው። ተረኛው «የጥላ ዘብ» በየቀኑ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ እግሩን ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ የገዛ ጥላውን በጫማ ለክቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሰለሞን በደብተሩ ከሠራው ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩታል፤ ልዩነቱ ጨዋታው ስንት ቀን እንደሚራመድ ይወስናል። ውጭ ግንቦት ቢሆንም በጉም አገር ወሩ «ውርጭ» ነበር።

ፖሊስ ከተጫዋቾቹ አንዱን፣ ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ የሚሠራውን ዳኜን ይዞታል። ዓርብ ዕለት ሰለሞን በጨዋታው ንጉሡን ስለገደለበት «አሳይሃለሁ!» ብሎ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ማክሰኞ ወደ ደብረ ብርሃን ሊወስዱት ነው።

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?» አለችው ተሾመች። ከገደሉ ሥር እንጨት ትለቅም የነበረች ሴት ጩኸቱን የሰማችው የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ጡሩምባ ሲነፋ ነው።

«ቤቴ፣ ባናዬ ላይ። ማን አየህ ካሉኝ በጎቼ ናቸው። እመቤቴ፣ ለወረቀት ንጉሥ ሰው ይገደላል?»

«ባነሰም ሲገደል አይቻለሁ።»

ዳኜ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ባለቤቴ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል። የበኩር ልጄን መወለድ እስር ቤት ሆኜ ልስማ?»

ሁለተኛዋ ተጫዋች የሰለሞን እጮኛ ሰርካለም የሒሳብ መምህርት ናት። በዚያ ሰዓት ሃያ ተማሪዎች ቤቷ እያስጠናች ነበር።

«ጠላት ነበረው?»

«አልነበረውም» አለች መሬት መሬቱን እያየች። በሆዷ የያዘችው ነገር እንዳለ ተሾመች ገባት።

ሦስተኛው ተጫዋች ርእሰ መምህሩ በኃይሉ ነው። ጨዋታውን ከተቀላቀለ ገና ወሩ ነው፤ የጥላ ዘብነት ተራም የደረሰው ያን ቅዳሜ ነው። መዝገቡን ሳይጠየቅ አወጣ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ጥላዬን እየለካሁ ነበር። ይኸው፣ በእጄ ጽፌዋለሁ።»

«ብቻዎን?»

«ቅዳሜ ማን ይኖራል?»

ርእሰ መምህር ይዋሻል ብሎ የጠረጠረ ፖሊስ አልነበረም። ተሾመች መዝገቡን አየች። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ዘብ የነበረው ዳኜ «አምስት ጫማ፣ አምስት ጫማ፣ አምስት ጫማ» ብሏል። የቅዳሜው የበኃይሉ ጽሑፍ «ስምንት ጫማ» ይላል። መዝገቡንና ከጎኑ የነበረውን የሰለሞንን ደብተር ይዛ ወጣች።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ሜዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ዳኜ እጁ በካቴና እንደታሰረ ነው።

«ጫማችሁን አውልቁና ጥላችሁን ለኩ።»

ለኩ። ረጅሙ ዳኜ አምስት አለ፤ አጭሯ ሰርካለምም አምስት። በኃይሉ ለክቶ ጫማውን መልሶ ማጥለቅ ጀመረ።

«ስንት ሆነ ጋሽ በኃይሉ?»

«አምስት።»

«ቅዳሜ ስምንት ብለው ነበር።»

«ያኔ... አቋቋሜ ይሆናላ።»

«አባቴ ቄስ ነበሩ። በጾም የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን ለክተው ነው። ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ስለሆነ ቁጥሩ ከሰው ሰው እምብዛም አይለይም፤ የሚለየው ከወር ወር ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ጫማ አያጥርም። ስምንትን ያገኘኋት እዚህ ነው።» የሰለሞንን ሰንጠረዥ ዘረጋች። «በጉም አገር፣ በውርጭ ወር፣ ዘጠኝ ሰዓት ስምንት ጫማ ነው። እርስዎ ፀሐይ ላይ አልቆሙም፤ ከሌለ አገር ቀዱ።»

«ስንፍና ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ሰው ሲሞት የነበሩበትን መዋሸት ግን ያስጠይቃል። ደግሞ በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ለሰለሞን የተጻፈ የኮሌጅ ደብዳቤ አገኘሁ። በኃይሉ የሚባል ተመራቂ የለንም ይላል።»

በኃይሉ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ» አለ። «ዲፕሎማው ነው እንጂ ሐሰት፣ ድካሜ ሐሰት አልነበረም። ገደሉ ጋ ጠርቶኝ የዲፕሎማህን ነገር አውቃለሁ ሲለኝ ጨለመብኝ። ፊቱን ሲያዞር መታሁት።»

ተሾመች ወደ ሰርካለም ዞረች። «አንቺ ታውቂ ነበር።»

«ለማንም ላልናገር ቃል አስገብቶኛል። እሳቸውም እዚህ ነበርኩ ሲሉ አመንኳቸው።» ከዚያ በኃይሉን ትክ ብላ አየችው። አንቱታው ከአፏ ጠፋ።

«ሊያጋልጥህ እኮ አልነበረም። የማታ ትምህርት ተመዝግበህ እውነተኛውን እስክትይዝ ዝም ልንልህ ተስማምተን ነበር። የምዝገባውን ቅጽ እኔው ነኝ የሞላሁልህ፤ ስምህን ብቻ ነበር የምትፈርመው።»

ተሾመች የዳኜን እጅ ፈታች። በኃይሉ ቀና ሳይል «ቅጹ የት አለ?» አለ።

«ኪሱ ውስጥ ነበር» አለች ሰርካለም፤ «እሑድ አብሮት ተቀብሯል።»