ቶሎ የመጣው አቤት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቸርች ውስጥ እንኳ አንዱ «አየሁ» ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የምጠረጥረው እንቅልፉን ነው፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ የዋህ አግኝተህ እንዳይመስልህ።

አማቴን እማማ ዘነቡን ከምንኖርበት ከኮሎምበስ እስከ ውቅያኖሱ ዳር በመኪና የወሰድኳቸው ባሕር አይተው ስለማያውቁ ነው። ሚስቴ ሰብለ ኢስተን በሚባለው ሰፈር ከምትሠራበት ሆቴል ኦፍ አላገኘችም፣ በር ላይ ቆማ «እናቴን እንደወሰድካት መልሰህ አምጣልኝ» አለችኝ፣ እኔም ሳቅሁባት።

ያረፍንባት መንደር የድሮ ዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፣ የእንጨት ቤቶቿ ጨው በልቷቸው ግራጫ ሆነዋል፣ ከሥራቸው ገደሉ ተሰነጣጥቆ እስከ ውሃው ይወርዳል። ነገሩ የደረሰብኝ ዕለት ጠዋት እማማን ከክፍላቸው በር ላይ ብጣራ ብጣራ ዝም፣ በሦስተኛው «አቤት!» አሉ።

«ምነው እማማ፣ አልሰሙኝም?»

«ሰምቻለሁ። የሚጠራኝ ሰው ይሁን ሌላ በምን አውቃለሁ? እኔ ከሦስተኛው በፊት አቤት ብዬ አላውቅም።»

እስከ ምሳ ድረስ ቀለድኩባቸው።

ከምሳ በኋላ አግዳሚ ላይ አስቀምጫቸው ውሃ ልገዛ ሄድኩ፣ ስመለስ ጉም መንደሩን ውጦታል፣ እማማ የሉም፣ ነጠላ ጫማቸው ብቻ ቁጭ ብሏል። መረቡን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ «ወደ ታች ወርደው ከሆነ ፍጠን፣ ውሃው እየሞላ ነው፣ መንገዱን ይዘጋዋል» አለኝ። በዚሁ መሀል ስልኬ ጮኸ፣ ሰብለ ናት። አላነሳሁትም፣ ምን ልበላት? ፈራሁ፣ እውነቱን ልንገርህ።

በዳሰሳ ወርጄ «እማማ ዘነቡ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አቤት!» ከግራ፣ ወዲያው። ድምፁ ቁርጥ የእሳቸው ነው፣ እመነኝ። ተመስገን ብዬ ሮጥኩ፣ አንድ እግሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቆምኩ፤ በመጀመሪያው ጥሪ?

«እማማ!»

«አቤት! ና ልጄ፣ ና!» አሁንም ከግራ፣ ቀረብ ብሎ፣ እዚያ ግን ከውሃ በቀር ምንም የለም።

እግሬን ከውሃው አውጥቼ ሦስተኛውን ተጣራሁ። ያን ጊዜ ከቀኝ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ፣ ቁጣ ቁጣ ያለው ድምፅ መጣ።

«አቤት! ምን ያስጮህሃል? ውሃው ከቦኛል እኮ!»

ወደ ቀኝ በረርኩ። ባዶ እግራቸውን ቆመው ባሕሩን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ይዘዋል፣ ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል። ብድግ አድርጌ አዘልኳቸው፣ በዚያ ሙልጭልጭ ድንጋይ ላይ አማቱን አዝሎ የወጣ ጀግና ካለ ይምጣና እንወዳደር! ሽማግሌው መረቡን ጥሎ አጨበጨበልኝ።

እማማ ግን ከጀርባዬ ሆነው በጆሮዬ «ያቺ የምትመልስልህ ሴትዮ ማን ናት?» አሉኝ።

ለሰብለ ኮል አደረግኩና «እናትሽን ይዣለሁ!» አልኳት፣ ለምን እንደምጮህ አልገባትም። ኮሎምበስ ስንገባ እማማ ወሬውን ለቸርቹ ሰው ሁሉ አዳረሱት፣ ዛሬም እኔ ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል፣ ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። እንደወሰድኳቸው መልሻለሁ፣ ይህን ማንም አይቀማኝም።

ብቻ ባለፈው ቅዳሜ ዕቃ ይዤ ቤት ገባሁና «እማማ!» አልኩ።

«አቤት!» ከቤዝመንት፣ የባሕሩ ጠርሙስ ከተቀመጠበት፣ ወዲያው።

ልወርድ ስል የሰብለ መኪና በር ላይ ቆመ፣ እማማ ከውስጡ ወረዱ።

ሁለተኛ አልተጣራሁም።