ርክክብ ያልተፈረመበት ኬብል

ኢንጂነር ሙስተፋ የሞተው ዓርብ ቀን፣ የቡታጅራ ሰው ጁምዓ ላይ ሳለ ነው። አስከሬኑ የተገኘው አስፋልቱ ዳር፣ ወደ ሀጂ ሀቢቡ አዲስ ዱቄት ፋብሪካ የሚሄደው ኬብል ከምሰሶው በሚነሳበት ቦታ ነበር። ቀኝ እጁ ተቃጥሏል። ማንም መልሶ እንዳይሰካቸው ሦስቱን የምሰሶ ፊውዞች ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ከትቷቸዋል።

ኢንስፔክተር ዘርፈሽዋል ፊውዞቹን እያየች ጥቂት ቆመች። መብራቱን ራሱ ካጠፋው ምን ገደለው?

ሦስት መቶ ሜትር ርቆ፣ ፋብሪካው ግቢ ያለው ጀነሬተር ግን ገና አልበረደም ነበር። ኦፕሬተሩ ሸምሶ ታሰረ።

«ወላሂ ጁምዓ ላይ ነበርኩ» አላት። «የጀነሬተሩ ቁልፍ ሁሌም ሚስማር ላይ ነው። ማንም ያነሳዋል።»

«አጠገብህ ማን ሰገደ?»

«ሶላት ላይ ቆሞ ሰው የሚቆጥር አለ እንዴ?»

«ከሙስተፋ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ለመጣላትም መጀመሪያ ማውራት ያስፈልጋል። አሥራ አራት ዓመት ውጭ አገር ኖሮ መጣ። ምሳውን ብቻውን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይበላ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ና አላልኩትም።»

ሀጂ ሀቢቡ አልደበቁም። «ርክክቡን ፈርምና ሥራ እንጀምር ብዬ ጮኼበታለሁ። ስንዴዬ ነቀዘ! እሱ ኬብሉ ቀጥኗል ይላል።»

ኬብሉን የዘረጋው ኮንትራክተር ራምዚ ሳቀ። «ፈረንጁ እንለው ነበር። ትራንስፎርመሩ በዚህ መስመር የሚስበው ሃያ አራት አምፔር ነው። ባለ ሃያ አምስት ሚሊሜትር ካሬ ኬብል ዘረጋሁ፤ ይችለዋል፣ ይተርፈዋልም። እሱ ባለ ሰባ ካልሆነ ብሎ ሙጭጭ አለ።»

«ለምን?»

«መጽሐፍ ላይ አንብቦ ይሆናላ!»

ዘርፈሽዋል ከሟቹ ኪስ በተገኘው ቁልፍ ፋብሪካው ግቢ ያለውን የትራንስፎርመር ክፍል ከፈተች። ወለሉ ላይ አንድ ወፍራም ሽቦ በወጉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የኬብሉ ጫፎች ላይ የመቆንጠጫ ጥርስ የተዋቸው ሦስት የሚያብረቀርቁ ጭረቶች አየች። የሙስተፋን ደብተር ገለጠች። «ሃያ አራቱ አምፔር የዘወትር ነው» ይላል። «የመስመሩ ሽቦዎች እርስ በርስ ቢነካኩ ግን ለአንድ ሰከንድ ስምንት ሺህ ያልፍበታል። ባለ ሃያ አምስቱ አይችለውም፤ ይነዳል። አጠገቡ የቆመ ሰውም አብሮ።» ደብተሩ በሙሉ ስሌት ነበር፤ አንድም የሰው ስም አልተጻፈበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ትራንስፎርመር ወደ ኋላም ይሠራል» አለች። «አሥራ አምስት ሺህ ቮልት ተቀብሎ ወደ አራት መቶ እንደሚያወርደው ሁሉ፣ ከፋብሪካው በኩል አራት መቶ ቢሰጡት ወደ አሥራ አምስት ሺህ ያወጣዋል። የጀነሬተሩንና የመብራት ኃይሉን መስመር የሚለያየው ማብሪያ ገና አልተገጠመም። ስለዚህ ጀነሬተሩ ሲነሳ ኃይሉ በኬብሉ እስከ ሙስተፋ እጅ ደረሰ።»

«ሸምሶ ነዋ!» አለ ራምዚ።

«ቆይ። ሙስተፋ ይህን ያውቅ ነበር። ለዚህም ነው እዚህ ጫፍ ላይ ኬብሉን በዚህ ሽቦ ከመሬት ጋር ያሰረው። ጭረቶቹን እዩዋቸው። ሽቦው እንደታሰረ ቢሆን ጀነሬተሩ ወዲያው በጠፋ ነበር። አንድ ሰው ፈትቶ ጠቀለለው፣ በሩንም ቆልፎ ወጣ። የዚህ በር ቁልፍ ስንት ነው፣ ሀጂ?»

«ሁለት። አንዱ ኢንጂነሩ ጋ...» ሀጂ ንግግራቸውን አቋርጠው ወደ ራምዚ ዞሩ። «ርክክቡ እስኪፈረም ሌላው ኮንትራክተሩ ጋ ነው የሚቀመጠው።»

«ሸምሶ ጀነሬተር ማስነሳት ይችላል። እዚህ መግባት ግን አይችልም» አለች ዘርፈሽዋል።

«ሰባት ፋብሪካ ላይ ኬብል ዘርግቻለሁ» አለ ራምዚ። «ማንም ለክቶብኝ አያውቅም። እሱ ሠራተኞቼ ፊት ለካብኝ። ዓርብ ደግሞ ጫፉን ቆርጬ ቅጥነቱን ለሁሉም አሳያለሁ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ሸምሶ ተፈታ። ሚስቱ ከድጄ ባጃጅ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ትጠብቀው ነበር። አቅፋው እያለቀሰች ሳለ ወደ ዘርፈሽዋል ዞረ።

«አስከሬኑ የት ነው?»

«ሆስፒታል። ምርመራው አልቋል። የመጣ ዘመድ ግን የለም።»

«ታዲያ ማን ያጥበዋል?»

ሸምሶ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ለከድጄ ቦታ ለቀቀላት። «ወደ ሆስፒታል ንዳው» አለ ለሾፌሩ፣ የሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ።