ያልበቀሉት አራት ባቄላዎች

«ያንቺዎቹ ቆሎ ናቸው እንዴ?» አለች ሸዋረግ፣ የትርንጎን ባቄላዎች በእርሳስ እየነካካች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎ ግን ባቄላዎቿን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ከአራት ቀን በፊት መምህር ፋንታሁን ተማሪዎቻቸውን ከየቤታቸው አራት አራት ባቄላ አስመጥተው በእርጥብ ጨርቅ አስጠቅልለዋቸው ነበር። የሁሉም ነጭ ሥር አውጥቷል። የትርንጎዎቹ ብቻ አብጠው ሸትተዋል።

መምህሩ አንዱን በጥፍራቸው ከፈሉት። «እዩ፤ በሁለቱ ክክ መካከል ያለችው ትንሽ ነገር ጽንስ ናት። የአበባው ዱቄት እንቁላሏ ዘንድ ሲደርስ አንዲት ሕዋስ ነበረች። ተከፋፍላ በዛች፤ የልብ ቅርጽ ያዘች፤ ሥርና ቡቃያ አበጀች። ክኮቹ ስንቋ ናቸው። ዝናብ እስኪቀሰቅሳት ትተኛለች።» ጠጋ ብለው አዩ። «ይቺ ግን ሞታለች። እሳት ነክቷታል።»

ከሰሌዳው በላይ የተሰቀለው የጃንሆይ ሥዕል ሳይቀር ትርንጎን የሚያያት መሰላት። ባለፈው ሳምንት የዘር ባቄላው ጎታ ዝናብ ገብቶበት አባቷ «ፀሐይ ላይ አስጪው» ብለዋት ነበር። ደመናው አልገለጥ ሲል፣ ጨዋታም አምሯት፣ ጥቂት ጥቂቱን ምጣድ ላይ አመሰችው። አባቷ ምንም ሳያውቁ «ሸጋ አድርቀሽዋል» ብለው መረቋት። ለመምህሩ ያመጣችው ከዚያው ነው። የሚዘራውም ዛሬ ነው።

ደወሉ ሲደወል ጨርቁን ይዛ በአዘዞ መንገድ ሮጠች። የአባቷ ቁጣ ለጎረቤት ይተርፋል። «ነቀዝ በላው እላለሁ» አለች ለራሷ። ነቀዝ አይገረፍም። ዝም ብትልስ? ሳይበቅል ሲቀር ማን ያውቃል? ግን የዓመት ቀለባቸው እሱ ነው፤ ታናናሾቿ ምን ይበላሉ?

አባቷ ማሳው ጫፍ ላይ ቁናውን በክንዳቸው አቅፈው የመጀመሪያውን እፍኝ ዘግነዋል።

«አባዬ፣ አይዝሩት!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

ነቀዙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የበሬው ጅራፍ በትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጨርቁን ፈታች፤ የሸተቱትን ባቄላዎች በቁናው ዘር ላይ አኖረቻቸው።

«ፀሐይ ላይ አላሰጣሁትም። ምጣድ ላይ አመስኩት። ሞቷል፣ አባዬ።»

አባቷ የዘገኑትን ወደ ቁናው መለሱ፤ ከሸተቱት አንዱን አንስተው በጥፍራቸው ከፈሉት። «እውነትሽን ነው» አሉ፤ ቁናውንም መሬት ላይ አስቀመጡት። ትርንጎ ጅራፉን አየችው፤ ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም።