«ያዘኝ!»

ፈሂማ ቲጃኒን እንደምትወደው በቡና ቅምሻ ላቦራቶሪው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እሷ የጅማ የጊንጆ ሰፈር ልጅ፣ እሱ የአጋሮ። ናሙና ሲቆሉና ሲፈጩ ይውላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከማሽኑ ይልቅ እርስ በርስ ሲተያይ ይውላል። በመጨረሻ ቲጃኒ ደፈረና «አርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ልላክ?» አላት። እሷም ወለል ወለሉን እያየች «ላክ» አለችው።

ማክሰኞ ዕለት ግን ጉድ ፈላ።

ፈሂማ ስኒ ስታጥብ ቆይታ፣ እጇን እንኳ ሳታደርቅ የመፍጫውን ገመድ ከሶኬት ልትነቅል ያዘችው። የገመዱ ላስቲክ ተልጦ ኖሯል። ኤሌክትሪኩ ክንዷን ጨምድዶ አለቅም አለ።

«ያዘኝ!» ብላ ጮኸች።

ቲጃኒ አጠገቧ ነበር። እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት እየሮጠ ወጣ!

ወዲያው መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ፈሂማም ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ደግፋ ያነሳቻት የሥራ ባልደረባዋ ለጢፋ ናት። «ማል ታቴ፣ ፈሂ? ምን ሆንሽ?»

ቲጃኒ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። «በእርጥብ እጅ ገመድ ይነካል እንዴ?!» ብሎ ጮኸባት። አይዞሽ የለ፣ ምን የለ!

ሐኪም አይቷት ደህና ነሽ አላት። ልቧ ግን ደህና አልነበረም። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው እንደማይነኩ፣ መጀመሪያ መብራቱ እንደሚጠፋ ጠንቅቃ ታውቃለች። ያም ሆኖ «ያዘኝ» ብላ የለመነችው ሰው ጥሏት መሮጡ አልዋጥ አላት። ሐሙስ ዕለት እናቷን «ሽማግሌዎቹን አባባ ይመልሷቸው» አለቻት። እናቷ ሐጂራ ብትለምን፣ ብትቆጣ አልሆነም።

አርብ ጁምዓ ተሰግዶ ሽማግሌዎቹ ወደ ጊንጆ ሲያመሩ፣ ቲጃኒ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጠያቂው ልጅ ራሱ ሽምግልና ላይ አይቀመጥም። ፈሂማ ናሙና እየመዘነች ነበር።

«አኩርፈሽኛል» አላት።

«ያዘኝ እያልኩህ ጥለኸኝ ሮጥክ!»

ቲጃኒ ዓይኑ ፈጠጠ። «ያዘኝ ያልሽው... እኔን ነው እንዴ?»

«ታዲያ ማንን?»

«ወላሂ፣ ኤሌክትሪኩ ያዘኝ ያልሽ ነው የመሰለኝ! ብነካሽ እኮ አብረን ነበር የምንቀረው። ማጥፊያው ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ነው።»

ፈሂማ ናሙናውን ሚዛኑ ላይ ተወችው። ለካ የትኛውን ማለቷ እንደነበር ራሷም አታውቀውም።

«እሺ፣ እጅህን ኪስህ ከተህ የምትጮህብኝስ?»

ዛሬም እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። እጁን ከኪሱ ጎትታ አወጣችው። መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል። ማክሰኞ እየሮጠ ጠረጴዛውን ሲደገፍ የቡና ፍሬ መሰንጠቂያው ምላጭ ቆርጦታል። ምላጩን ሳትከድን ትታው የሄደችው ደግሞ ራሷ ፈሂማ ናት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በዚያ ላይ ሌላ ጥፋት ልጨምርብሽ? የጮህኩብሽ ደንግጬ ነው፣ ፈሂ። የሞትሽ መስሎኝ ነበር።»

እንባዋ መጣ። «ውይ፣ ቲጃኒ! እኔ እኮ ሽማግሌዎቹ እንዲመለሱ ተናግሬያለሁ!»

ፈሂማ ለእናቷ ደወለች፤ አታነሳም። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወጥታ ባጃጅ አስቆመች።

ቤት ስትደርስ የቲጃኒ አጎት ሼህ ኸይሩና አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። አባቷ ሐጂ ኑሪ አንገታቸውን ደፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ወጥታ ስለራሷ ጋብቻ አትናገርም። ፈሂማ ይህን ብታውቅም ወደ በረንዳው ወጣች።

«አባባ» አለች፤ «እምቢ ያልኩት ሳይገባኝ ነው። እፈልገዋለሁ።»

ሐጂ ኑሪ ልጃቸውን አዩ፣ እንግዶቹን አዩ።

ሼህ ኸይሩ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ እንደከተቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሐጂ፣ እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ መመላለስ ሥራችን ነው» አሉና ጫማቸውን መልሰው አወለቁ።